ቀመሩ ወንድ ወይስ ሴት ብሎ ሲጠይቅ

ይህ ምልልስ በሆለታ በሁለት ዘመዳሞች መካከል የተደረገ ነው። አንደኛው በአዲስ አበባና በአምቦ መስመር የትራፊክ አደጋ ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ኢንስፔክተር ናቸው። ሁለተኛዋ የእኅታቸው ልጅ፣ በደም ውስጥ መድኃኒትና መርዝ መለየት የተማረች ኬሚስት ናት። ያነሡት ጉዳይ ለብዙ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል፦ ሆርሞን የሚወስድ ሰው ጠጥቶ አሽከርክሮ አደጋ ቢያደርስ፣ በአደጋው ሰዓት ደሙ ውስጥ ምን ያህል አልኮል እንደነበረ ባለሙያ እንዴት ያሰላል? ጥያቄው ከጥቂት ሰዎች ተነሥቶ ብዙ ሰው ጋ ስለሚደርስ እንዳለ ቀርቧል።

ኢንስፔክተሩ፦ ልጄ፣ እኔ ቅጽ ስሞላ የኖርኩት ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ እያልኩ ነው። ፆታ ሰውየውን ለመለየት ነው እንጂ ሒሳብ ውስጥ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም። አንቺ ግን ከስሌቱ ሁሉ የሚያከራክረው እሱ ነው ትያለሽ።

ኬሚስቷ፦ ይገባል ጋሼ፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ትራፊክ ፖሊስ ሾፌሩን አቁሞ በመመርመሪያው ሲያስነፋው፣ ወይም ሐኪም ቤት ደም ሲቀዳ የሚገኘው ልኬት ነው። ልኬት ወንድ ነህ ሴት ነሽ ብሎ አይጠይቅም። ደሙ ዘግይቶ ቢቀዳም፣ ከተገኘው ቁጥር ተነሥቶ ወደ አደጋው ሰዓት ለመመለስ የሚያስፈልገው ጉበት በሰዓት ስንት እንደሚያቃጥል ማወቅ ነው። ፆታ በዋናነት የሚገባው ምንም ሳይለካ ሲቀር ነው። ምስክር "አራት ቢራ ጠጥቷል" ይላል፣ ደም የለም፣ ትንፋሽ የለም። ያን ጊዜ ባለሙያው ከጠርሙሱ ተነሥቶ ወደ ደሙ ያሰላል።

ኢንስፔክተሩ፦ በእኛ መስመር ደግሞ የበዛው እሱ ነበር። ከሆለታ ወደ አዲስ ዓለም፣ ከዚያም ወደ ጊንጪ ሲኬድ፣ ሌሊት ሲኖትራክ ከሚኒባስ ከተጋጨ መጀመሪያ የምናስበው ቁስለኛ ማንሣት ነው። እሱም ተገቢ ነው። ሾፌሩ በእግሩ ይጠፋና በማግስቱ ጠበቃ ይዞ ይመጣል። ትንፋሹ ምንም አይልም። የቀረን የመጠጥ ቤቷ ባለቤትና አብረውት የነበሩት ቃል ብቻ ይሆናል።

ኬሚስቷ፦ ሕጉ ደግሞ ቁጥር ይፈልጋል። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ሲወጣ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም ነው። ሰው ከሞተ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል ይመጣል። እዚያ ላይ "ጠጥቶ ነበር" እና "ከጣሪያው በላይ ጠጥቶ ነበር" የሚሉት ሁለቱ ቃላት የሰው ዕድሜ ይወስናሉ።

ኢንስፔክተሩ፦ እሺ፣ ቀመሩ ከየት መጣ?

ኬሚስቷ፦ ከስዊድን። ኤሪክ ዊድማርክ የሚባል የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ ሁሉን ነገር አንድ ላይ አቀረበው።

ኢንስፔክተሩ፦ ስዊድኖቹማ የኛ ሰዎች ናቸው። ሻምበል ቪኪንግ ታም መኰንኖቹን ይዞ መጥቶ በምኒልክ ግቢ የገነት ጦር ትምህርት ቤትን እዚሁ ሆለታ የከፈተው በ1927 ዓ.ም. አይደለም? አባቶቻችን ሲያወሩት ያደግንበት ነው።

ኬሚስቷ፦ ዘመኑ አንድ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ እዚህ ምልምል ያሠለጥን የነበረው መኰንን ዕድሜ ያለው ስዊድናዊ ነው የዊድማርክ ሰው። ቀመሩ የተሠራው በማን ላይ እንደሆነ ልብ ይበሉልኝ፤ 20 ወንዶችና 10 ሴቶች ናቸው። እነሱን አልኮል አጠጥቶ ደማቸውን እየቀዳ ለካ። ከዚያ ለወንድ 0.68፣ ለሴት 0.55 የሚባሉ ሁለት አማካኝ ቁጥሮች አወጣ። ዛሬም በብዙ አገር ፍርድ ቤት የሚጠሩት እነዚሁ ናቸው።

ኢንስፔክተሩ፦ ቁጥሩ ምን ማለት ነው? እኔ ፖሊስ ነኝ፣ እንደ ፖሊስ ንገሪኝ።

ኬሚስቷ፦ አልኮል በውኃ ይሟሟል፤ ስብ ውስጥ ግን ብዙም አይገባም። ሁለት ድስት ያስቡ። በአንዱ አሥር ሊትር ውኃ አለ፣ በሌላው ስምንት ሊትር ውኃና ከላይ ሁለት ሊትር ዘይት አለ። ሁለቱም እኩል ሞልተዋል። አንድ አንድ ማንኪያ ጨው ቢጨምሩባቸው ሁለተኛው ውኃ ይበልጥ ይጨውማል፣ ዘይቱ ጨው አይቀበልምና። ጡንቻ ሦስት አራተኛው ያህል ውኃ ነው። ስብ ውኃው ጥቂት ነው። ወንድ በአማካይ ጡንቻው ስለሚበዛ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህል ውኃ ነው፤ ሴት ወደ 50 በመቶ። 0.68 እና 0.55 የሚባሉት ይህንኑ ልዩነት የሚይዙ ናቸው። እንግዲህ ቀመሩ "ፆታህ ምንድነው" ብሎ ሲጠይቅ የሚፈልገው ፆታውን አይደለም፤ "ምን ያህል ውኃ አለህ" ማለቱ ነው። የሰውነት ውኃ መለኪያ በእጅ ስላልነበረ ፆታን ምትክ አደረገው።

ኢንስፔክተሩ፦ ይህን ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። በይ አሁን በአንድ ሰው ላይ አሳዪኝ።

ኬሚስቷ፦ ይኸው ወረቀት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አራት ቢራ ጠጣ እንበል። ጠርሙሱ 330 ሚሊ ሊትር፣ ጥንካሬው 5 በመቶ፤ ሜታም ይሁን ሌላው ከዚህ ብዙ አይርቅም። 330 በ5 በመቶ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ነው። አልኮል ከውኃ ስለሚቀል በ0.789 ሲባዛ 13 ግራም ይሆናል። አራት ጠርሙስ 52 ግራም። አሁን ለወንድ 70ን በ0.68 አበዛለሁ፣ 47.6። 52ን በዚያ ስካፍለው በአንድ ኪሎ ደም 1.09 ግራም። ጉበቱ በሰዓት 0.15 ያህል ያቃጥላል፤ መጠጣት ከጀመረ ሦስት ሰዓት ቢያልፍ 0.45 ይቀንሳል፤ 0.64 ይቀራል። ሕጉ በሊትር ስለሆነ፣ የደም ሊትር ከኪሎ ትንሽ ይከብዳልና በ1.055 ሲባዛ 0.68። ከጣሪያው በታች ነው።

ኢንስፔክተሩ፦ ነጻ ወጣ ማለት ነው።

ኬሚስቷ፦ አሁን ይህችው ሰው "ሴት" ተብላ ትመዝገብ። ክብደቱ ያው፣ ቢራው ያው፣ ሰዓቱ ያው። 70 በ0.55፣ 38.5። 52 ሲካፈል 1.35። 0.45 ሲቀነስ 0.90። በሊትር 0.95። ከጣሪያው በላይ ነው። አንድ ፊደል ቀየርኩ እንጂ ሌላ ምንም አልነካሁም።

ኢንስፔክተሩ፦ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ኬሚስቷ፦ በሁለቱ መሐል ያለውን 0.61 ብወስድ ደግሞ 0.81 ይመጣል። ጣሪያው 0.8 ነው። በእርሳስ ስፋት ላይ ቆመ ማለት ነው። አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ትራንስጀንደር የሚባሉ፣ ሲወለዱ የተመዘገበላቸው ፆታና እነሱ ራሳቸውን የሚያውቁበት የማይገጥም ሰዎች አሉ። ከነሱ ብዙዎቹ ሆርሞን ይወስዳሉ። ወንድ ተብላ ተመዝግባ እንደ ሴት የምትኖር ኢስትሮጅንና ቴስቶስትሮንን የሚከለክል መድኃኒት ትወስዳለች፤ ሴት ተብሎ ተመዝግቦ እንደ ወንድ የሚኖር ቴስቶስትሮን ይወስዳል። ቴስቶስትሮን ጡንቻ ይገነባል፣ ኢስትሮጅን ስብ ይጨምራል። ሆርሞኑ ሲቀየር የሰውነታቸው ውኃ ይቀየራል። እንግዲህ ባለሙያው የትኛውን ቁጥር ይያዝ?

ኢንስፔክተሩ፦ እኔ በሃይማኖት ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ይህን ኑሮ የማየው እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያንን አልደብቅሽም።

ኬሚስቷ፦ አውቃለሁ ጋሼ። የእምነትዎን ጉዳይ አልጠየቅሁዎትም። የምጠይቅዎት እንደ መርማሪ ነው።

ኢንስፔክተሩ፦ እንደ መርማሪማ መልሱ አንድ ነው። የቀረበው ማስረጃ እውነት መሆን አለበት። የማልወደውን ሰው በሐሰት ቁጥር ብከስ የምወደውንም በሐሰት ቁጥር ነጻ አወጣለሁ። ሠላሳ ሰው የሞተበት አደጋ ላይ ሳይቀር ተከሳሹ የተለካው ልክ መሆኑን ነው መጀመሪያ የማየው። ቀጥዪ።

ኬሚስቷ፦ ቁጥሩ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአውሮፓ ክሊኒኮች የታተመ ጥናት ከ300 በላይ ትራንስጀንደር ሰዎችን ሆርሞን ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ለአንድ ዓመት ተከታተለ። ኢስትሮጅን በወሰዱት ላይ ስብ 28 በመቶ ያህል ጨመረ፤ ከስብ ውጪ ያለው ሥጋና ውኃ ግን የቀነሰው 3 በመቶ ብቻ ነው። ቴስቶስትሮን በወሰዱት ላይ ስብ ወደ 10 በመቶ ቀነሰ፣ ሥጋው 10 በመቶ ጨመረ።

ኢንስፔክተሩ፦ ሦስት በመቶ? እኔ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል ብዬ ነበር የምጠብቀው።

ኬሚስቷ፦ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስበው፤ ስሕተቱም እዚያ ነው የሚወለደው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ፣ ከዕድሜ፣ ከቁመትና ከክብደት ተነሥቶ የሰውነትን ውኃ የሚገምት የዋትሰን ቀመር አለ። 35 ዓመት፣ 170 ሳንቲ ሜትር፣ 70 ኪሎ ብዬ ሞከርኩት። በወንዱ ስሌት 41 ሊትር ያህል ውኃ፣ በሴቷ 33 ሊትር ያህል። ልዩነቱ ከሰባት ሊትር ይበልጣል። ከ41 ሊትር የተነሣች ሴት በዓመት ውስጥ የምታጣው ወደ አንድ ሊትር ነው። ቁመቷና አጥንቷ አልተለወጠም፤ ጡንቻዋም ገና ከቀድሞው ብዙ አልራቀም። መታወቂያዋ ላይ "ሴት" ተብሎ ተጽፎ ባለሙያው 0.55ን ቢይዝባት ያልጠጣችውን አልኮል ደሟ ውስጥ አስገባባት ማለት ነው።

ኢንስፔክተሩ፦ ታዲያ ሲወለዱ በተጻፈው ይሰላ ቢባልስ? ቀላሉ እሱ አይደለም?

ኬሚስቷ፦ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ግን ለሁሉ አይሆንም። ሴት ተብሎ የተመዘገበውን፣ ቴስቶስትሮን ዓመታት የወሰደውን ወንድ ይውሰዱ። 33 ሊትር ላይ የነበረው ወደ 36 ከፍ ብሏል። ሲወለድ በተጻፈው ካሰሉበት ቁጥሩ ይበዛበታል። አሁን በሚጠራበት ካሰሉለት ደግሞ ያንስለታል፤ ሰክሮ ያሽከረከረ ሰው በቁጥር ሊያመልጥ ይችላል። በልጅነቱ፣ ጉርምስናው ሳይደርስ የጀመረ ሰው ደግሞ ሰውነቱ በሌላ መንገድ ያደገ ነው። በሁለት ፊደል የሚመለስ ጥያቄ አይደለም ጋሼ። በብሪታንያ ፒተር ማስከል የሚባል የፎረንሲክ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ ጉዳይ ርእስ አድርጎ ጽፏል፤ የዊድማርክ መጽሐፍ ከወጣ ዘጠና ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው።

ኢንስፔክተሩ፦ እሺ። ግን ልጄ፣ እዚህ ሆለታ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ለፖሊስ "ሆርሞን እወስዳለሁ" ብሎ ይናገራል ብለሽ ታስቢያለሽ? አንቀጽ 629 አለ፣ ማኅበረሰቡ አለ።

ኬሚስቷ፦ አይናገርም። አንቀጽ 629 የሚለው በተመሳሳይ ፆታ መካከል ስለሚፈጸም ድርጊት ነው፤ ስለ መድኃኒት አንድም ቃል የለውም። ፍርሃቱ ግን አንቀጽ አይለይም። ለዚህ ነው ጥያቄው "ፆታህ ምንድነው" መሆን የለበትም የምለው። "በሐኪም የታዘዘልህ መድኃኒት አለ?" ተብሎ ለሁሉም እኩል ይጠየቅ፤ መልሱም በሐኪሙ እጅ ይቆይ። ከዚያ ሰውየው ሚዛን ላይ ይውጣ፣ ቁመቱ ይለካ። ሆርሞን የሚወስድ ሰው እኮ ከሚያስቡት በላይ በአካባቢያችን ሞልቷል።

ኢንስፔክተሩ፦ እንዴት?

ኬሚስቷ፦ የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው አባቶች። ጥቁር አንበሳ የካንሰር ክፍል ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ። ሕክምናው ቴስቶስትሮንን ማጥፋት ነው፤ ወይ በመርፌ፣ ወይ በቀዶ ሕክምና። ሰውነታቸው ላይ የሚሆነው ኢስትሮጅን ከምትወስደዋ ሴት ጋር ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እነዚህን ታማሚዎች ለ48 ሳምንታት ሲከታተል ስባቸው 9.4 በመቶ ጨምሮ ሥጋቸው 2.7 በመቶ ቀንሶ አገኘ።

ኢንስፔክተሩ፦ ጎረቤቴን ነው ያስታወስሽኝ። መርፌውን ከጀመረ ወዲህ ክንዱ ሟሽሾ ወገቡ ሰፋ። "ሰውነቴ የኔ አይመስለኝም" ይለኛል። አይሱዙውን ግን አሁንም ራሱ ነው የሚነዳው።

ኬሚስቷ፦ እሱን ቀመሩ እንደ ሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው የሚቆጥረው። ማንም ደግሞ ወንድነቱን አይጠይቅም። እንግዲህ በትራንስጀንደሯ ሴት ላይ ያስደነገጠን ጥያቄ በእሱም ላይ ነበረ፤ አላየነውም እንጂ። የመጨረሻውን ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በመውለድ ዕድሜ ካሉት ኢትዮጵያውያን ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች ቀጭን መሆናቸውን አገኘ። በአበባ እርሻ ስትውል የምትኖረው፣ 45 ኪሎ የማትሞላው ልጅ ስቧ ምን ያህል ነው? የሷ ሰውነት ከአማካዩዋ ስዊድናዊት ይልቅ በአብዛኛው ውኃ ነው። 0.55 ለሷም ልኳ አይደለም፤ የደሟን አልኮል ከእውነቱ አስበልጦ ያሳይባታል። እርሷ ሆርሞን አልወሰደችም፣ ፆታዋንም ማንም አልተጠራጠረም። ግን ከአሥሩ ስዊድናውያን ሴቶች ጋር አልተለካችም።

ኢንስፔክተሩ፦ ይኼኛው ነው የነካኝ። እኔ እኮ ስሌቱን ከላብራቶሪ እንደመጣ ደም እቆጥረው ነበር።

ኬሚስቷ፦ ብዙ ዳኛም እንደዚያ ይቆጥረዋል። ደግሞ እስካሁን ያወራነው በቢራ ነው። ጠርሙሱ ላይ ጥንካሬው ተጽፏል። አረቄ ቢሆንስ?

ኢንስፔክተሩ፦ አረቄማ ሌላ ነው። የዚህ ሰው የሚጠጣው እሱንና ጠላን ነው፤ ድግስ ሲሆን ጠጅ። ማር ደግሞ በሆለታ አይጠፋም፣ የንብ ምርምር ማዕከሉ እንኳ እዚሁ ነው።

ኬሚስቷ፦ ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ተራው ያንሳል። ጠላ እንደ ጌሾው፣ እንደ ብቅሉና እንደ ቆየበት ቀን ከቤት ቤት ይለያያል፤ ጠጅም እንደዚያው። መለኪያው አንዱ ቤት ትንሽ፣ ሌላው ቤት ትልቅ ነው። ምስክር "አምስት መለኪያ" ሲል ባለሙያው ስንት ግራም ብሎ ይጻፍ? ይህ ስሕተት ብቻውን በወንድና በሴት ቁጥር መካከል ካለው ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መርማሪው በማግስቱ ወደ አረቄ ሻጯ ቤት ሄዶ ያንኑ መለኪያ በውኃ ሞልቶ ይለካ፣ ከዚያው አረቄ በጠርሙስ አስቀድቶ ለላብራቶሪ ይላክ።

ኢንስፔክተሩ፦ ሴትዮዋ ትሰጣለች? ፈቃድ የላትማ፣ ትፈራለች።

ኬሚስቷ፦ እሷን ለመክሰስ እንዳልሆነ ከተነገራት ትሰጣለች ብዬ አምናለሁ። የጉበቱን ፍጥነት ደግሞ አንርሳ። ቅድም 0.15 ብዬ በአንድ ቁጥር አለፍኩት። ከሰው ሰው ከ0.10 እስከ 0.25 ይሄዳል፤ አዘውትሮ የሚጠጣው ይፈጥናል። ያንኑ አራት ቢራ የጠጣ ወንድ በ0.10 ሳሰላው 0.84 ይሆናል፣ ከጣሪያው በላይ። በ0.25 ሳሰላው 0.36። በአንድ ሰው፣ በአንድ ፆታ ውስጥ ነው ይህ። እንግዲህ ፍርድ ቤት ቀርቦ "በአደጋው ሰዓት 0.68 ነበር" የሚል ባለሙያ የማያውቀውን ነው የሚናገረው። "ከ0.36 እስከ 0.84 ባለው ውስጥ ነው፤ ከጣሪያው በላይ ነበር ብዬ በርግጠኝነት መናገር አልችልም" ማለት ነው ያለበት።

ኢንስፔክተሩ፦ ዐቃቤ ሕግ ይህን መልስ አይወደውም።

ኬሚስቷ፦ የተከሳሽም ጠበቃ ሁልጊዜ አይወደውም። አሥራ ሁለት ቢራ የጠጣ ሰው ከሆነ ታችኛው ጫፍ ራሱ ከጣሪያው በላይ ይሆንና ክርክሩ ያልቃል። ፆታውም፣ ሆርሞኑም፣ ጉበቱም አያድነውም። ስሌት ጠቃሚ የሚሆነው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ጣሪያው አካባቢ ያለውን ሰው በስሌት መቅጣት ግን ፍትሕ ነው ብዬ አላምንም።

ኢንስፔክተሩ፦ እንግዲህ ሥሩ መለካት ነው።

ኬሚስቷ፦ ቶሎ መለካት። ትንፋሽ ቢሆን ከሁሉ ይፈጥናል። 2100 ሊትር ትንፋሽ ውስጥ ያለው አልኮል አንድ ሊትር ደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ተብሎ ስለሚያዝ፣ በደም 0.8 ግራም የሆነው በአንድ ሊትር ትንፋሽ 0.38 ሚሊ ግራም ያህል ይመጣል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2015 የብሉምበርግን የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም ከተቀላቀለች ወዲህ መሣሪያው በከተማዋ መንገዶች ታይቷል። ችግሩ ከአሸዋ ሜዳና ከቡራዩ ወዲህ፣ ከሰበታ ወዲያ፣ ከሱሉልታ በላይ ሲወጣ ነው። ትልልቆቹ መኪኖች የሚሮጡት እዚህ ነው።

ኢንስፔክተሩ፦ ደምስ? በሌሊት ነርስ ቀስቅሰን ስናስቀዳ ምን እንደምናዝዝ እንኳ አናውቅም ነበር።

ኬሚስቷ፦ ሦስት ነገር ይበቃል። ክንዱ በአልኮል አይጠረግ፤ በሳሙናና በውኃ ወይም አልኮል በሌለው መድኃኒት ይታጠብ። ደሙ ሶዲየም ፍሎራይድ ባለው፣ ክዳኑ ግራጫ በሆነ ቱቦ ይቀዳ፤ ያለዚያ ተሕዋስያን ስኳሩን ወደ አልኮል ሊቀይሩት ይችላሉ። ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ በላዩም የተቀዳበት ሰዓት ይጻፍ። ሐኪም ቤቱ ሙሉውን ደም ሳይሆን ሴረሙን ለክቶ ከሆነ ይህም በግልጽ ይጻፍ፤ ሴረም ውኃው ስለሚበዛ ከሙሉው ደም 15 በመቶ ያህል ከፍ አድርጎ ያሳያል። ቴስቶስትሮን የሚወስዱ ሰዎች ቀይ የደም ሴላቸው ስለሚጨምር ይህ ልዩነት እነሱ ላይ በትንሹም ቢሆን ይሰፋል። ሰው በዚያች 15 በመቶ ሲፈረድበት ማየት አልፈልግም።

ኢንስፔክተሩ፦ የሞተውስ? ሾፌሩ ራሱ ሲሞት ሬሳው ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ይላክ ነበር። ቤተሰቡ ኢንሹራንስ ሲከራከር ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ዕጣቸውን ይወስናል።

ኬሚስቷ፦ በሞተ ሰው ላይ ጥንቃቄው ይብሳል፣ ሬሳው ውስጥ ራሱ አልኮል ሊፈጠር ስለሚችል። ያን ጊዜ ከዓይን ውስጥ የሚወሰደው ፈሳሽ ይመረጣል። የትራንስጀንደር ሰው ሬሳ ከሆነ ደግሞ ልብሱን ያየ አንድ ነገር ይጽፋል፣ ገላውን ያየ ሌላ ነገር ይጽፋል፣ ራሱ ደግሞ ሊያስረዳ አይችልም። መርማሪ ሐኪሙ ሁለቱንም መዝግቦ ክብደትና ቁመቱን ይለካ፤ ኪሱ ውስጥ የተገኘውን መድኃኒት ስሙን ይጻፍ። ሰውየውን ለወሬ አሳልፎ የማይሰጥ፣ ስሌቱንም የማያበላሽ መንገድ ይኸው ነው።

ኢንስፔክተሩ፦ ይህን ሁሉ እኔ በሥራ ላይ እያለሁ ብትነግሪኝ ኖሮ ቅጹን እለውጠው ነበር። አሁን የሚሠሩት ልጆች ከኔ የተሻለ የተማሩ ናቸው፤ እነግራቸዋለሁ። ቅጹ ላይ ምን ይጨመር?

ኬሚስቷ፦ ክብደት በሚዛን፣ ቁመት በሜትር። የመጀመሪያው መጠጥ የተጠጣበት ሰዓትና የመጨረሻው። የመጠጡ ዓይነትና የመለኪያው መጠን በሚሊ ሊትር። ምግብ በልቶ እንደነበረ። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ካለ፣ በታሸገ ወረቀት ለባለሙያው ብቻ። ደም የተቀዳበት ሰዓትና የቱቦው ዓይነት። ባለሙያው ደግሞ መልሱን በአንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ ብሎ ይስጥ፤ የሰውነቱን ውኃ በምን እንዳሰላውም ይጻፍ። ፆታ የሚለው ሣጥን ሊቀር ይችላል፣ ወይም ሊኖር ይችላል፤ ብቻውን ግን ቁጥር አይምረጥ።

ኢንስፔክተሩ፦ ሚዛኑ በየጣቢያው የለም እኮ።

ኬሚስቷ፦ ጤና ጣቢያ ሁሉ አለ። ሾፌሩን ደም ለማስቀዳት የሚወስደው ፖሊስ እግረ መንገዱን ሚዛን ላይ ያውጣው። እባክዎ ጋሼ፣ ለልጆቹ ሲነግሯቸው ከዚህ ይጀምሩ፤ ከሌላው ሁሉ ወጪ የሌለውና ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችለው እሱ ነው።